ወረርሽኝ ሲመጣ የሆቴል ሠራተኛን እንዴት ይዛችሁ ቆያችሁ? (ድሬና ሐረር)

የሸዋ በር ልጅ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሐረር ውስጥ አንዲት መካከለኛ ሆቴል ነው የምሠራው። ሪሴፕሽን ነበርኩ፤ ዘንድሮ «የሠራተኛ ጉዳይን አንተ ያዝ» ተባልኩ። ኃላፊነቱ መጥቷል፣ ደሞዙ ገና መንገድ ላይ ነው።

ባለፈው ባለቤቱ ጠሩኝና «እንደ ኮሮናው ያለ ነገር ዳግም ቢመጣ ምን እናደርጋለን? አንድ ገጽ ጽፈህ አምጣልኝ» አሉ። ኮሮና ሲገባ እኔ ተማሪ ነበርኩ። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቤት ስተኛ ነው የከረምኩት። ሆቴል ውስጥ ምን እንደተደረገ አላየሁም። የቆዩትን ሠራተኞች ስጠይቅ ግማሹ «እግዜር ነው ያወጣን» ይላል፣ ግማሹ «አላህ ነው» ይላል። አሜን። ግን ይሄን አንድ ገጽ ላይ እንዴት ብዬ ነው የምጽፈው?

ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁት ሁሉ የትልልቅ ሆቴሎች ነው። የድጋፍ ፈንድ፣ የሥነ ልቦና አማካሪ፣ ለሠራተኛ ልጆች ላፕቶፕ። እኛ ሠላሳ ምናምን ሰው ነን። ጄኔሬተራችን እንኳ በልመና ነው የሚነሳው።

ስለዚህ በቀጥታ ልጠይቅ። ያኔ ሠራተኛው ምን በልቶ ቆየ? ለሰፈሩስ ምን ተደረገ? ብር ከተዋጣ ማን ቀድሞ አገኘ? በተለይ ድሬዎች ንገሩኝ። ከጅቡቲ የሚገባው ሰው ሁሉ በእናንተ በኩል ስለነበር ብዙ አይታችኋል።

ሀውስኪፒንግ ድሬ፦

አቦ እንኳን ጠየቅክ። እኔም «አንቺ ያዢው» ተብዬ ነው የሀውስኪፒንግ ኃላፊ የሆንኩት። ከከዚራ ብዙ የማይርቅ ሆቴል ነበር። ስሙን ተወው፣ ባለቤቱ መወራት አይወዱም። አሁን የራሴን ትንሽ ላውንደሪ ከፍቻለሁ። ረዘም ይላል፣ ሻይ ቢጤ ይዘህ አንብበው።

ከኮሮና አልጀምርልህም፣ ከቺኩንጉንያ፣ ከዚያ ትንኝ ከሚያመጣው ትኩሳት ነው የምጀምረው። 2011 ማለቂያ፣ ክረምቱ ላይ፣ ድሬ ሙሉ አልጋ ላይ ወደቀች። ትኩሳቱ በቀናት ይሄዳል። መገጣጠሚያ ላይ የሚቀረው ህመም ግን ሰው ያሽመደምዳል። የአልጋ አንጣፊ ሥራ ደግሞ ሁሉም በአንጓ ነው፤ ፍራሽ ማንሳት፣ አንሶላ መወጠር፣ ሞፕ መጭመቅ። ልጆቼ በየተራ ወደቁ። አንዷ «ተሽሎኛል» ብላ መጣችና ደረጃውን ቁጭ እያለች አንድ በአንድ ስትወርድ አየኋት። ያን ቀን ነው ብር ማዋጣት የጀመርነው። ደሞዝ በተቀበልን ቁጥር ሃያ ሃያ ብር። ዕቁብ አይደለም፣ ዕጣ የለውም። እድርም አይደለም፣ ሰው እስኪሞት አይጠብቅም። የመጀመሪያውን የሰበሰብነው በሞፕ ባልዲ ስለነበር «የባልዲው ብር» እየተባለ ቀረ።

ይሄን ያነሳሁት ወረርሽኙ ሲመጣ የሚቋቋም ፈንድ ስለማያሳምነኝ ነው። ሰው ሲደነግጥ ብሩን ደረቱ ላይ ነው የሚይዘው። እኛ ኮሮና ሲገባ የምናዋጣበት ልማድ ነበረን። ብሩ ትንሽ ነው፣ ልማዱ ግን ነበር።

መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው ታማሚ አገር ውስጥ ተገኘ ተባለ። ከዚያማ ቡኪንግ የተባለ ሁሉ መሰረዝ ጀመረ። ሠርግ ተሰረዘ፣ የኤንጂኦ ስልጠና ተሰረዘ። የኛ ሆቴል እንጀራው ስልጠና ነበር፤ ፈረንጅ በዓመት ስንቴ ይመጣል? የየብስ ድንበር ተዘጋ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መጣ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ክልክል፣ ምግብ ቤት በአንድ ጠረጴዛ ከሦስት ሰው በላይ ማስቀመጥ ክልክል፣ መጨባበጥ ክልክል። ድሬ ላይ መጨባበጥ ከከለከልክ ምን ቀረ?

አሁን ለገጽህ የሚሆነውን ልንገርህ። የሆቴል ሠራተኛ በደሞዙ አይኖርም። ባለቤትህም ይሄን ያውቃሉ፣ ወረቀት ላይ ሲሆን ግን ይረሳል። ያኔ የኔ አልጋ አንጣፊ ደሞዟ 1,200 ብር አካባቢ ነበር። የምትኖረው ግን በሰርቪስ ቻርጅ፣ በቲፕና ካንቲን በምትበላው ምግብ ነው። እንግዳ ሲጠፋ አሥር በመቶዋ ሰርቪስ ቻርጅ ዜሮ ናት። የዜሮ ድርሻ ዜሮ ነው። ቲፕ የለም። ቤት ሂጂ ከተባለች ምሳም የለም። ስለዚህ «ደሞዛችሁን አልነካሁም» የሚል አሠሪ እውነቱን ነው፣ ግን የሠራተኛው ቤት ግማሹ ፈርሷል።

ባለቤታችን «ሁላችሁም ቤታችሁ ሂዱ፣ ስንከፍት እንጠራችኋለን» ሊሉ ነበር። መጥፎ ሰው ሆነው አይደለም፣ ደንግጠው ነው። የባንክ ብድር ነበረባቸው። ስብሰባ ክልክል ነውና አራት አራት እየሆንን ፓርኪንጉ ውስጥ ዛፉ ሥር ተነጋገርንና የተስማማንበትን ይዘን ሄድን። ሥራው በፈረቃ ይሁን፣ ግማሻችን ግማሽ ወር። ደሞዙ ግማሽ ይሁን፣ ግን በሰዓቱ። ካንቲኑ ግን አይዘጋ፤ ፈረቃ ያለውም የሌለውም ቀን አንዴ መጥቶ ይብላ ወይ በሳህን ይዞ ይሂድ። ካዥዋሎቹም ይካተቱ። ላውንደሪ ሲበዛ የምትጠራ፣ ሠርግ ሲኖር ሳህን የምታጥብ፣ የትም መዝገብ ላይ የለችም። ሆቴሉ ሲሞላ የኛ ናት፣ ሲራገፍ ማን እንደሆነች የሚያውቅ የለም።

ባለቤቱ የካንቲኑን ነገር ሲሰሙ ደስ አላቸው። ስቶር ውስጥ ለስልጠና የተገዛ ሩዝና ምስር ተቆልሎ ነበር። ነቀዝ ከሚበላው ሰው ይብላው።

ብር ማዋጣት ቀላል ነው ወንድሜ። ሰው የሚጣላው ዝርዝሩ ላይ ነው። ባለቤቱ ጨመሩ፣ አንድ የድሮ ደንበኛችን ነጋዴ ጨመረ፣ የባልዲው ብር አበጠ። ማን ይቅደም? «የየክፍሉ ኃላፊዎች ዝርዝር ያውጡ» ሲባል እንቢ አልኩ። ኃላፊ የሚያውቀው አፍ ያለውን ነው። ዝም ያለችው አትታየውም። ስለዚህ ከየክፍሉ ኃላፊ ያልሆነ አንድ ሰው ተመረጠ፤ ከላውንደሪ፣ ከወጥ ቤት፣ ከጥበቃ፣ ከሪሴፕሽን። ለሁሉም ሰው የሚጠየቀው ያው ነበር። ቤት ኪራይ ትከፍላለህ? ቤት ውስጥ ሌላ ገቢ ያለው አለ? ሕፃን ወይ መድኃኒት የማያቋርጥ ሰው አለ? ስንት ዓመት ሠራህ፣ የማን ዘመድ ነህ አልተባለም።

ምን ወጣ መሰለህ? ሁላችንም የምናዝንለት፣ ሸበጡ የተበጣጠሰ ጥበቃ ሳቢያን ላይ ሁለት ሰርቪስ ቤት አከራይቶ ይኖራል! ሽቶ ተቀብቶ፣ ሸሚዙን ተኩሶ የሚመጣው የሪሴፕሽኑ ልጅ ደግሞ፣ ያንተው ክፍል ነው፣ ሁለት ታናናሽ እህቶቹን ይዞ ኪራይ ቤት ነው ያለው። የሦስት ወር ኪራይ አለበት። ለማንም ትንፍሽ አላለም። ያለ ጥያቄው ለሱ ሰባራ ሳንቲም አይደርሰውም ነበር።

የሰፈሩን በአጭሩ ልንገርህ። ያረጀ አንሶላ ነበረን፣ ወፍራም ጥጥ፣ ከስንት እጥበት በኋላ የለሰለሰ። ዩኒፎርም የሚጠግንልን ልብስ ሰፊ በሲንጀሩ ማስክ ሰፋው። ያን ሰሞን የማስክ ዋጋ ጣሪያ ነክቶ ነበር። ለባጃጅ ሾፌሮች፣ ቀፊራ ጉልት ለሚቸረችሩት ሴቶች ታደለ። አንዷ የቲማቲም ነጋዴ የሆቴሉ ማህተም ያለበት ጥግ ደረሳት፤ «አሁን እኔም ሆቴል ነኝ» እያለች ስትዞርበት ከረመች።

በር ላይ እጅ መታጠቢያ አቆምን፣ ሮቶ ከቧንቧ ጋር። የድሬን ውሃ ታውቀዋለህ። ካልሲየም ነው። ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ድንጋይ የሚሠራ ውሃ ነው፤ ሳሙና አረፋ አያወጣበትም። ሰው አረፋ ካላየ የታጠበ አይመስለውምና ይፈትጋል፣ ሳሙናው ያልቃል። ለበር የመደብነው ሳሙና እንዳሰብነው አልበረከተም። ፈሳሽ ሳሙና ከመግዛት ደረቁን ቆራርጦ በሻሽ አንጠልጥሎ ማስቀመጥ ነው የሚያዋጣው። ይሄንም ጻፈው፣ ባለቤትህ የሚወዱት ዓይነት ነገር ነው።

ከሁሉ የከበደው የሦስተኛው ፎቅ ነው። ከጅቡቲ የሚገባው ወገን ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ለይቶ ማቆያ ይገባ ነበር። እዚያ ከሚሠሩት የጤና ባለሙያዎች አንዳንዶቹ ለቤተሰባቸው ፈርተው እኛ ጋ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ አደሩ። የኛ ልጆች ፈሩ። እኔም ፈራሁ፣ ለምን እዋሻለሁ። ማንንም አላስገደድንም፣ ፈቃደኛ የሆኑ ብቻ ገቡ። ክፍሉ ሲለቀቅ መስኮት ከፍተን እናናፍሳለን፣ ወዲያው አንገባም። አንሶላ አይራገፍም፤ ከጥጉ ወደ መሃል ተጠቅልሎ፣ ከሰውነት ራቅ ተደርጎ፣ እዚያው ከረጢት ውስጥ። በሙቅ ውሃ ነው የሚታጠበው። የበር እጀታና መታጠቢያ ቤት በበረኪና፤ አንድ እጅ በረኪና፣ ዘጠኝ እጅ ውሃ፣ በየቀኑ አዲስ። በረኪናና የሽንት ቤት አሲድ እንዳይገናኙ! አንዷ ልጅ ንጹህ እንዲሆንላት ብላ ቀላቅላው እያሳላት ወጥታለች።

ያቺው ልጅ ማታ ቤቷ ስትሄድ አከራይዋ በር ላይ ቆማ «ከዚያ ፎቅ እየመጣሽ ግቢዬን አትረግጪም» አለቻት። አዋጁ ተከራይ ማስወጣት ይከለክላል። ግን ማታ በር ላይ አዋጅ ታነብላታለህ? ምድር ቤት አንድ ክፍል ሰጠናት። ባለቤቱ ሳያንገራግሩ ፈቀዱ። ለዚህ ብቻ እንኳ ስማቸውን ብጠራው ደስ ይለኝ ነበር።

ትሪ ይዤ፦

እትዬ ያንቺ ሆቴል ጀነት ነበር በይኛ። እኔ ሌላ ሆቴል አስተናጋጅ ነበርኩ፣ እዚሁ ድሬ። በዚያ አዋጅ ሠራተኛ ማሰናበት አይቻልም ተባለ፣ ደስ አለን። በማግስቱ አንድ በአንድ ቢሮ ተጠራን። ወረቀት ተዘጋጅቷል፤ «በራሴ ጥያቄ ያለ ደሞዝ ፈቃድ እንዲሰጠኝ» ይላል። ቀኑ ክፍት ነው። «ፈርም፣ ስንከፍት መጀመሪያ የምንጠራው አንተን ነው።» ፈረምኩ። ተከፈተ፣ አዲስ ሰው ቀጠሩ። ስደውል ስልኩ ይጠራል፣ የሚያነሳ የለም።

ከዚያ የአጎቴን ባጃጅ በፈረቃ መንዳት ጀመርኩ። ግማሽ ሰው ጭነህ ነው የምትሄደው። ታሪፉ ቢጨምርም ተሳፋሪው ራሱ ጠፍቷል። ገንደ ቆሬ፣ ለገሃሬ፣ ነምበር ዋን ስዞር እውልና ማታ ነዳጁን ሸፍኜ እገባለሁ። ትሪ የሚይዝ እጅ መሪም ይይዛል፣ ምን ታደርገዋለህ።

ለልጁ የምለው አለኝ። በዚያች ገጽህ ላይ «ሠራተኛ ቀኑ ያልተሞላ ወረቀት አይፈርምም፣ የፈረመውን ኮፒ ይዞ ይሄዳል» ብለህ ጻፍ። ባለቤትህ ካልፈረሙበት ሌላው ሁሉ ቀልድ ነው።

ደግሞ እትዬ፣ ዝርዝሩ ላይ አንድ ጥያቄ አለኝ። ማን ስንት እንደወሰደ ስሙ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል? ካልተለጠፈ እመኚኝ ተበልቷል።

ሒሳብ ሹም፦

እኔ ሐረር ነኝ፣ የሁለት ሆቴሎችን መዝገብ እይዛለሁ። ትሪ ይዤ ያነሳው ነገር የሚመጣው አሠሪው ሕጋዊውን መንገድ ስለማያውቀው ወይም ስለሚረዝምበት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ሥራ ለጊዜው ማገድን ይፈቅዳል። ግን ለመንግሥት የሥራ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ቀርቦ፣ ምክንያቱ ተቀባይነት አግኝቶ ነው፤ ከ90 ቀንም አይበልጥም። በሠራተኛው «የራስ ጥያቄ» አይሸፈንም።

ከዚያ በፊት የዓመት ፈቃድን ተጠቀሙ። ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፣ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርበታል። ብዙ ሠራተኛ ያልተጠቀመበት ፈቃድ አለው። ደሞዝ እየታሰበለት ቤቱ ይቀመጣል፣ ለሆቴሉም ዕዳ ይቀንስለታል።

ጡረታን አትርሱ። ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ፣ በመደበኛው የወር ደሞዝ ላይ። ደሞዝ ለግማሽ ሲወርድ መዋጮውም አብሮ ይወርዳል፣ ይሄን ሠራተኛው ሲስማማ አውቆ ይስማማ። ሰርቪስ ቻርጅ ደግሞ ጡረታ ውስጥ የለም። እትዬ ሀውስኪፒንግ ያሉት «በደሞዙ አይኖርም» ነገር ሠራተኛው ሲያረጅም ይከተለዋል።

ገንዘቡን ባልዲ ውስጥ አታስቀምጡ፣ ይቅርታ እትዬ። ባንክ፣ በሦስት ሰው ስም፣ ሁለቱ ሲፈርሙ የሚወጣ። ከሦስቱ አንዱ ካሸሪው መሆን የለበትም። እኔ ካሸር ነበርኩ፣ አውቀዋለሁ።

የጌ ጋር ባለቤት፦

የሸዋ በር ልጅ፣ እኔ ጎረቤትህ ነኝ ማለት ነው፣ ጀጎል ውስጥ። በእናቴ ጌ ጋር፣ በባህላዊው የሐረሪ ቤት፣ እንግዳ አሳድራለሁ። ነደባው (መደቡ) ላይ ፍራሽ ዘርግቼ፣ ግድግዳው ሙሉ ስፌት፣ ፈረንጆች ፎቶ ሲያነሱበት ነው የሚውሉት። በኮሮና አንድ እንግዳ የለም። ማታ ጅብ ሊያይ የሚወጣ ሰው ጠፋ፣ ጅቡ ብቻ ቀረ።

እኔን ያቆመኝ አፎቻ፣ የሐረሪው እድር በለው፣ ነው። ለሠርግና ለሐዘን ነው የተቋቋመው፣ የሴቱ ለብቻ፣ የወንዱ ለብቻ። ያኔ ግን መሰብሰብ ስለማይቻል አሳላፊዋ በየበሩ ትዞራለች። በር ታንኳኳለች፣ ራቅ ብላ ትቆማለች፣ «ምን ጎደለ?» ትላለች። ዱቄት የጎደለበት ዱቄት፣ መድኃኒት የጎደለበት መድኃኒት። እኔ ጋ የምትሠራ ልጅ ነበረች፣ አፎቻችን ውስጥ የለችም፣ ከገጠር የመጣች ናት። ለሷም «በአንቺ ቤት ስም» ብለው አካተቷት።

ስለዚህ አዲስ ነገር ከመፍጠርህ በፊት ሠራተኞችህን የት የት እንዳሉ ጠይቃቸው። አንዱ አፎቻ አለው፣ አንዱ እድር አለው፣ አንዱ የመስጊድ ጀመዓ አለው፣ አንዷ ሰንበቴ አላት። ምንም የሌላትን ነው ሆቴሉ መያዝ ያለበት። ሁሌም ከሩቅ የመጣችዋ ናት።

የሸዋ በር ልጅ፦

እረ እግዜር ይስጥልኝ፣ ገጹ ሁለት ሊሆን ነው። የቀን ክፍት ወረቀቱን ነገር ለባለቤቱ አነበብኩላቸው፣ ዝም አሉ። ዝምታቸው ጥሩ ይሁን መጥፎ አላወቅኩትም። አፎቻውን ግን ወደዱት፣ እናታቸው አባል ናቸው ለካ።

እትዬ፣ የትሪ ይዤን ጥያቄ እኔም ልድገመው። ስም ይለጠፋል አይለጠፍም? አለቃዬ «ይለጠፍ፣ ግልጽነት ነው» ይላሉ። እኔ ደግሞ ያ የሪሴፕሽን ልጅ እኔ ብሆን ስሜን ግድግዳ ላይ ከማይ ብሩ ይቅርብኝ እላለሁ። ሌላው፣ ካንቲን ሳይዘጋ ስንት ይፈጃል? በዚያ ላይ ነው የሚከራከሩኝ።

ሀውስኪፒንግ ድሬ፦

አይለጠፍም። ትሪ ይዤ አባቴ፣ በደልህ ገብቶኛል፣ አንጀቴን ነው የበላኸው። ግን ያንተ ሆቴል ዝርዝር ቢለጠፍም ይበሉት ነበር፤ እዚያ የጠፋው ሰው ነው።

እኛ የለጠፍነው የገባውን ብር፣ የወጣውን ብር፣ ለስንት ቤት እንደወጣና እነዚያን ጥያቄዎች ነው። ስም የሚያውቁት የተመረጡት ልጆች ናቸው። የተጠራጠረ ሰው መጥቶ መዝገቡን ማየት ይችላል፣ ግን ቆሞ፣ አንዱ ተመራጭ ባለበት፣ ስልክ ሳይዝ። ሁለት ሰው መጥቶ አየ። አንደኛው ያ ባለ ሰርቪስ ቤቱ ጥበቃ ነው! «እኔ ለምን የለሁም?» አለ። ጥያቄውን አነበብንለት፣ «ኪራይ ትከፍላለህ?» ስንለው ራሱ ሳቀና ሄደ። በሚቀጥለው ወር ሃምሳ ብር አምጥቶ ጨመረ፣ ይሄንንም ሳልነግርህ አላልፍም።

አሰጣጡ ደግሞ ለሁሉም አንድ ዓይነት ፌስታል ይሁን። ፈረቃውን ጨርሶ የሚወጣ ሁሉ ፌስታል ይዞ ይወጣል፤ የአንዱ ውስጥ ዳቦ ነው፣ የአንዱ ውስጥ ዳቦና ፖስታ ነው። ከውጭ ማን ያውቃል?

የሒሳብ ሹሙን ይቅርታ ተቀብያለሁ። ባልዲውም በኋላ ባንክ ገብቷል።

የካንቲኑን እኔ አልመልስም። ወጥ ቤት የነበረው ሰውዬ እዚህ ቤት ውስጥ አለ፣ አንብቦ ዝም ብሏል። ና ውጣ!

ወጥ ቤት ድሬ፦

መጣሁ አቦ። በርጫ ላይ ሆኜ ነው የማነበው።

ልጄ፣ ብሩን በወር አትቁጠረው፣ ያስደነግጣቸዋል። በሳህን ቁጠረው። የእንግዳ ምግብ ሲጠፋ የወጥ ቤት ወጪ አይጠፋም፤ ጋዙም፣ ፍሪጁም፣ ሰውም አለ። የካንቲን ምግብ በዚያ ላይ የሚጨምረው ሽሮ፣ ምስር፣ ሩዝ፣ ሽንኩርትና ዘይት ነው። ሥጋ የለም። እሁድ እንቁላል። ሰው አላጉረመረመም፣ ቤቱ ያለውን ያውቃላ።

እንጀራውን ግን እዚያው ጋግሩ ሲሉኝ እንቢ አልኩ። እንጀራ የምታቀርብልን ሴትዮ አለች፣ ባል የላትም፣ አራት ልጅ። ሆቴል ሲዘጋ ማንም ስለሷ አያስብም፣ ሠራተኛ አይደለችማ። ከሷ መግዛት ከተውን ሠራተኛውን አብልተን እሷን አስራብን ማለት ነው። ቁጥሩን በግማሽ ቀነስን እንጂ አልተውናትም። እንቁላል የሚያመጣውንም፣ ከሰል የሚያመጣውንም እንደዚሁ። የሸዋ በር ልጅ፣ ገጽህ ላይ የአቅራቢዎችን ስልክ ጻፍ። የትልልቆቹን አይደለም፣ በእግር የሚመጡትን።

የበዓሉን ደግሞ ልጨምርልህ። ያን ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 11 ዋለ። ሳምንት ሳይሞላ ረመዳን ገባ። ማዕድ ማጋራት የሚባለው ዘመቻም ያኔ ነው የተጧጧፈው። ሌላ ጊዜ ረመዳን ላይ መጋላ ማታ ማታ መሄጃ የለውም፤ ሳንቡሳው፣ ሙሸበኩ፣ ሾርባው። ያኔ ጭር። መስጊድም ዝግ ነው። የካንቲኑን ሰዓት ቀየርነው፤ የማይጾሙት ቀን በሉ፣ የሚጾሙት ማፍጠሪያቸውን በዕቃ ይዘው ሄዱ። ሾርባ፣ ተምር፣ ሁለት ሳንቡሳ። ሳንቡሳውን ሲጠቀልሉ የሚያመሹት ክርስቲያኖቹ ናቸው፣ ጿሚው መቅመስ አይችልማ፣ ጨው ማን ይቅመስለት? አንድ ቀን ጨዉን ሁለት ሰው ጨመረበት። ያን ቀን ድሬ ሙሉ ውሃ ስትጠጣ አደረች።

ቀሪውን በባጃጅ በየሰፈሩ ላክን፣ ደቻቱ ማዶ ላሉ አሮጊቶች። የሚያደርሰው ሾፌር ሂሳብ አልቀበልም አለ። እኔ ነኝ ያስገደድኩት፤ ነዳጅ በአላህ ስም አይቀዳም።

ለአለቃህ ይሄን ንገራቸው፤ ሆቴሉ እንደገና ሲከፈት ሠራተኛ ፍለጋ አልሄድንም። ሰውየው ካንቲን እየበላ ነበር፣ ተነስቶ ዩኒፎርሙን ለበሰ። ሌላው ሆቴል አዲስ ሰው ሲያሠለጥን እኛ ሠርግ ተቀብለናል።

አንድ ነገር አትዘንጋ፣ ዘይትና በርበሬ ላይ አትሰስቱ፣ ሲወደድ መጀመሪያ የሚሄዱት እነሱ ናቸው። አሁን፣ ገበያው ሰላም እያለ፣ የሦስት ወር በርበሬ አስፈጭታችሁ አስቀምጡ። የስቶሩን ቁልፍ ደግሞ ለሁለት ሰው ስጡ።

ትሪ ይዤ፦

ሼፍ፣ አስተናጋጅ ይጎድላችኋል? ባጃጁን አጎቴ ሊሸጠው ነው።

ወጥ ቤት ድሬ፦

እኔ አሁን ሌላ ቤት ነኝ። ነገ ከአሥር ሰዓት በኋላ ለገሃሬ ባቡር ጣቢያው ፊት ና። ነጭ ሸሚዝ ልበስ። እንዳትፈርም፣ መጀመሪያ እኔ ላንብበው።